መንገድ ሳይቈረጥ የፍሳሽ ቧንቧን ስለ ማደስ

የከተማ ሕንፃና መንገድ በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ፣ ሲሠራም ሲፈርስም ተመልካችና ተቈርቋሪ አያጣም። ከመንገዱ በታች የተቀበረው የፍሳሽ ቧንቧ ግን ጤነኛ ሳለ የሚያመሰግነው፣ ሲታመምም የሚጠይቀው የለም። ሰው እርሱን የሚያስታውሰው እድፉ ገንፍሎ በደጃፉ ሲፈስ፣ ወይም አስፋልቱ ተደርምሶ የመኪና ጎማ ሲውጥ ነው። በዚያን ጊዜም ወዲያው የሚጠራው ዶማና ኤክስካቫተር ነው። መንገዱ ይቈረጣል፤ የሱቁ ደጅ ይታጠራል፤ የመጠጥ ውሃው ቧንቧና የስልኩ ገመድ አብሮ ይበጠሳል። ከብዙ ቀንም በኋላ አፈሩ ተመልሶ ይደፋል፤ ነገር ግን በሚገባ ያልተጠቀጠቀ አፈር ክረምቱ በገባ ጊዜ ይሰምጣልና፣ የተጠገነው ስፍራ እንደ ገና ጕድጓድ ይሆናል።

የዶማ ሥራ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አይካድም። የተበላሸ ቧንቧ ሁሉ ተቈፍሮ ካልወጣ አይታደስም የሚለው አሳብ ግን ጊዜው ካለፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቧንቧውን በተቀበረበት ሳለ ከውስጡ ማደስ፣ ወይም አሮጌውን እየሰበሩ በዚያው በእርሱ መሄጃ አዲሱን ማሳለፍ በብዙ አገር የዘወትር ሥራ ሆኗል። እንግዲህ መንገድ እንዲቈረጥ የሚፈቅዱ ሹማምንት ፈቃዱን ከመፈረማቸው አስቀድሞ፣ ቧንቧው ከውስጥ ታይቶ እንደ ሆነና በሌላ ዘዴ ሊታደስ የማይችልበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሊጠይቁ ይገባል።

ነገሩ የመንገድ ውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ በለንደን ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ብሮድ ስትሪት በሚባለው ሰፈር የኮሌራ በሽታ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በሽታው የሚተላለፈው በሰፈሩ የውሃ ጕድጓድ ነው ብሎ ስለ ተከራከረ፣ የአጥቢያው ሹማምንት የፓምፑን እጀታ አስነሡት። በዚያው ሰፈር በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረው ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለው ወጣት ካህን ግን የሐኪሙን ቃል አልተቀበለም። ውሃው በጣዕሙ የተመሰገነ ነበርና፣ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ቤት ለቤት እየዞረ የታመሙትንና የሞቱትን ሰዎች ቤተ ሰብ መመርመር ጀመረ። ሌላው መርማሪ የማይገባበት ቤት ለካህኑ ይከፈትለት ነበር። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር ግን ሐኪሙን የሚያጸድቅ ሆነ። ከፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን በበሽታው መጀመሪያ በተቅማጥ ታማ ሞታ ነበር፤ እናቲቱም የጨርቋን እጣቢ በቤቱ የእድፍ ጕድጓድ ትደፋው ነበር። በ1855 ስፍራው ተቈፍሮ ሲመረመር፣ የእድፍ ጕድጓዱና የመውረጃው ጡብ በስብሶ፣ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ወዳለው የውሃ ጕድጓድ ይሰርግ እንደ ነበር ታወቀ። ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው በአንድ ቤት ሥር የበሰበሰ ጥቂት ጡብ ነበር፤ ከላይም ምንም ምልክት አልታየበትም።

የፍሳሽ ቧንቧ እንዲህ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚጐዳበት ምክንያት ብዙ ነው። በሲሚንቶ የተሠራው የሚበላው ከጣሪያው ነው። እድፉ ቀስ ብሎ ሲሄድና አየር ሲያጣ፣ እንደ በሰበሰ ዕንቍላል የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም በቧንቧው ጣሪያ ላይ ካለው እርጥበት ሲገባ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ብርቱ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ሲሚንቶውን እያላላ ያረግፈዋል። የሸክላ ቧንቧ አሲዱን ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ ክብደት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ በመጋጠሚያውም የዛፍ ሥር ውሃ ሽቶ ይገባበታል። በደቡብ አዲስ አበባ እንደሚገኘው ያለ ጥቁር ዋልካ መሬት ደግሞ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መጋጠሚያውን ያለ ዕረፍት ያንቀሳቅሰዋል። ከዚህ በኋላ እድፉ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ በክረምትም የመሬት ውሃ በስንጥቁ እየገባ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ከአስፋልቱ በታችም ባዶ ዋሻ ይፈጠራል። መንገዱ በአንድ ሌሊት የተደረመሰ ይመስላል እንጂ፣ ዋሻው ለዓመታት ሲቈፈር የኖረ ነው።

ለዚህ በሽታ ከቈፋሮ ሌላ መድኃኒት የተገኘው በዚያው በለንደን ነው። በ1971 ኤሪክ ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሃክኒ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ 100 ዓመት ያህል ያገለገለውን የጡብ መውረጃ 70 ሜትር ያህል ርዝመት ሳይቈፍር ከውስጡ አደሰው። ያደረገውም በሙጫ የተነከረ ወፍራም የጨርቅ ከረጢት በመውረጃው ውስጥ ጐትቶ በማስገባት፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እንዲደርቅ ማድረግ ነበር። ጨርቁም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ በአሮጌው ውስጥ መጋጠሚያ የሌለው አዲስ ቧንቧ ሆነ።

ዘዴው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በመጀመሪያ የሚመጣው እድፍ በፓምፕና በጊዜያዊ ቧንቧ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ከዚያ የታመመው ቧንቧ በብርቱ የውሃ ግፊት ይታጠባል፤ የገባበትም የዛፍ ሥር ይቈረጣል፤ ውስጡም በካሜራ ይታያል። በቧንቧው ልክ የተሰፋው ጨርቅ ሙጫ ከጠጣ በኋላ በመንገድ ላይ እንዳይደርቅ በቀዝቃዛ መኪና ይመጣና፣ ሠራተኛ በሚወርድበት ጕድጓድ፣ ማለት በማንሆሉ በኩል ይገባል። አፉ በማንሆሉ ላይ ታስሮ፣ የውሃ ክብደት ወይም የአየር ግፊት የእጅጌን ውስጥ ወደ ውጭ እንደሚገለብጡ እያገላበጠ እስከ ሚቀጥለው ማንሆል ድረስ ይሰደዋል፤ በሙጫው የራሰውም ፊት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ሲሞቅ፣ ወይም አልትራቫዮሌት የተባለው ብርሃን ሲያልፍበት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል። ከየቤቱ የሚመጡት መጋጠሚያዎች በጨርቁ ስለሚሸፈኑ፣ ካሜራ ያለው ትንሽ የመቍረጫ መኪና በቧንቧው ውስጥ ተልኮ አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። አንዱ እንኳ የተረሳ እንደ ሆነ የዚያ ቤት እድፍ ወደ ቤቱ ይመለሳልና፣ መጋጠሚያዎቹ አስቀድመው ተቈጥረው መመዝገብ አለባቸው።

ሁለተኛው ዘዴ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የጋዝ ቧንቧ ለመለወጥ የተፈለሰፈ ነው። በአንድ ወገን ባለ ጕድጓድ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ብረት በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ በሌላው ወገን የተተከለው መኪናም ይጐትተዋል። ብረቱ ሲያልፍ አሮጌውን ቧንቧ ሰብሮ ስብርባሪውን በዙሪያው ባለው አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፤ በጭራውም የታሰረው አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ባዶውን ስፍራ ይይዛል። የዚህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም ከአሮጌው የሚሰፋ ቧንቧ ማስገባት መቻሉ ነው፤ ሕዝቡ በበዛበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በሁለቱ ጫፍና ከየቤቱ መጋጠሚያ በላይ ትናንሽ ጕድጓድ መቈፈሩ አይቀርም። ሌላ ቧንቧ በጣም አጠገቡ ያለፈ እንደ ሆነም በግፊቱ ሊሰበር ይችላል።

እነዚህ ጥበቦች ለሁሉ በሽታ መድኃኒት ናቸው ብሎ የሚነግር ነጋዴ ቢመጣ አይታመንም። ፈጽሞ የተደረመሰ ቧንቧ ጨርቅ አያሳልፍም። ሲቀበር ቍልቍለቱ የተሳሳተ፣ ወይም በመካከሉ ሰምጦ እድፍ የሚያጠራቅም ቧንቧ በጨርቅ ቢለበስም ስሕተቱን እንደ ያዘ ይኖራል፤ እንዲህ ያለው ቈፋሮ ያስፈልገዋል። ከሙጫው ዐይነቶች አንዱ ሲደርቅ የሚወጣው ሽታ ለጤና የማይስማማ ስለ ሆነ፣ ሠራተኞቹና በአጠገቡ የሚኖሩት ሰዎች እንዲጠበቁ ማድረግ ግዴታ ነው። ስለዚህ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ፣ ዶማ ለማዘዝም ሙጫ ለማዘዝም፣ ያው አንድ ስሕተት ነው።

በኢትዮጵያ የጕልበት ዋጋ ርካሽ ስለ ሆነ፣ ሙጫውና መኪናውም በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፣ መቈፈር ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ቧንቧው ጥልቅ ባልሆነበትና ሰው ባልበዛበት ስፍራ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቈፋሮ ሒሳብ ሲሠራ በወረቀት ላይ የሚገባው የቈፋሪውና የቧንቧው ዋጋ ብቻ ነው። የመንገዱ ኪሣራ በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይወድቃል፤ ገበያው የተዘጋበት ነጋዴ ኪሣራ ደግሞ በማንም መዝገብ አይገባም። የሠራተኛውም ሕይወት አለ። የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1,500 ኪሎ ያህልና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፣ በጥልቅ ቦይ ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚሠራ ሰው ግድግዳው ሲናድበት የሚተርፈው በዕድል ነው። ርካሽ የተባለው ጕልበት ይህን ሁሉ ጨምሮ ቢታሰብ፣ በትልልቆቹ ጐዳናዎች ሥር ርካሽነቱ ያጠራጥራል።

ነገሩ ለካህናትም ሩቅ አይደለም። በከተማ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በዐጸዳቸው ውስጥ ያረጁ ጥድና ወይራ አላቸው፤ የሙታን ማረፊያም አላቸው። በዐጸዱ ወይም በቅጥሩ ሥር የሚያልፍ ቧንቧ በተበላሸ ጊዜ፣ የዛፉን ሥር ቈርጦና መቃብሩን ነክቶ ከማለፍ ሌላ መንገድ እንዳለ ያወቀ አስተዳዳሪ፣ ሊቈፍሩ የመጡትን መጠየቅ ይችላል። ጸበል ወይም ምንጭ ባለበት አጠገብ ቧንቧ የሚያልፍ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሽታ እስኪመጣ ሳይጠብቁ እንዲመረመር ማሳሰብ ይገባል። በብሮድ ስትሪትም ውሃው በጣዕሙ የተመሰገነ ነበር።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ ስለ ሆነች፣ ተዳፋቷ እድፉን በራሱ ክብደት ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ለመስደድ ይረዳታል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ ጐዳናዎች በአዲስ አስፋልትና በሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርተዋል። እንዲህ ያለውን አዲስ መንገድ ለአንድ ለተሰነጠቀ ቧንቧ መቍረጥ ምን ያህል እንደሚያሳዝን ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ ለቈፋሮ ፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብ፣ የቧንቧው ውስጥ በካሜራ የታየበት ማስረጃ፣ የመጋጠሚያዎቹ ቍጥርና የጥልቀቱ ልክ አብሮ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ቢወጣ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መነሻ ይሆናል። ካሜራው ቧንቧው የተደረመሰ መሆኑን ካሳየ ይቈፈር፤ የተሰነጠቀ ብቻ መሆኑን ካሳየ ግን ቈፋሮ የጠየቀው ሰው ምክንያቱን ያስረዳ።

ለዚህም የማንሆሎቹ ክዳን ክፍት ሊሆን ይገባል። መንገድ ሲታደስ ክዳኑ በአስፋልት ወይም በንጣፍ ድንጋይ ሥር የተቀበረ እንደ ሆነ፣ ካሜራውም ጨርቁም የሚገባበት በር አይኖርም፤ በሩንም ለመፈለግ ብቻ መንገዱ እንደ ገና ይቈረጣል። ክዳኑን ከአዲሱ መንገድ ከፍታ ጋር አስተካክሎ ማውጣትና ስፍራውን በካርታ መመዝገብ የሚቀለው አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት ባለው ቀን ነው።