የልጆቹ የክረምት በዓል ይቅር ወይስ ይቀጥል?



እንደሚታወቀው በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ከቡሄ በፊት ባለው እሑድ፣ የሰፈራችን ልጆች የሚያዘጋጁት የኪነት በዓል አለ። ድራማው፣ ግጥሙ፣ ጭፈራው፣ የሥዕሉም ትርዒት የሚታየው በዚሁ ዕለት ነው። ከተመልካች በፈቃድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ አቅም ለሌላቸው ልጆች የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ ሲሆን ቆይቷል። በ2017 ነሐሴ ግን በዓሉ ገና እኩሌታው ሳይደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ እንደበተነው ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አሁን ክረምቱ ሲቃረብ "ከእንግዲህ ይቅርብን" የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት ቀርቦ ለጠቅላላ ስብሰባ ተይዟል። ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይያዝ እንጂ አስቀድሞ ምን አስተያየት ያሰጠዋል የሚል ካለ፣ እኔም ወርኀዊ መዋጮ የምከፍል ነዋሪ ነኝና ሐሳቤን በዚህ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በዓሉ መቅረት የለበትም። አሠራሩ ግን መለወጥ አለበት።

በመጀመሪያ የሆነውን በትክክሉ እናስቀምጥ፤ ሰው ሲያወራው እየጨመረበት ሄዷልና። ዝግጅቱ የተጀመረው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ሲል ሰማዩ ጠቆረ፤ ብዙም ሳይቆይ በረዶው ወረደ። ከድንኳኑ ጣሪያ ላይ ውሃ አቁሮ አንዱ ቋሚ ተሰበረ፤ ሸራውም በጎኑ ተቀደደ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙባቸው ሥዕሎች ቀለማቸው ወርዶ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። ቦዩ ሞልቶ ጭቃው እስከ አግዳሚ ወንበሩ እግር ደረሰ። ሰው አልሞተም፣ አልቆሰለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። "ሕፃን በጎርፍ ተወሰደ" እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው።

ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነው። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ከአንድ ቤት ተስቦ፣ መሬት ለመሬት መጥቶ፣ መገጣጠሚያው በላስቲክ ብቻ ተጠቅልሎ ነበር። ውሃው ሲመጣ ባዶ እግራቸውን የሚጨፍሩ ልጆች ከዚያው ሽቦ አጠገብ ነበሩ። አንድ ወጣት ሮጦ ሄዶ ከቆጣሪው ላይ ባያጠፋው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድንኳን አይደለም። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ኤሌክትሪክ ሲነካ መሬቱ ራሱ ማስተላለፊያ ይሆናል፤ ይኼን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔም ትልቅ ትምህርት የለኝም።

ወደ ድንኳኑ እንምጣ፤ ቅሬታው ያለው እዚያ ነውና። ድንኳኑ የእድሩ ነው። በዓሉ በተበተነ በሦስተኛው ቀን ሰፈራችን ላይ ለቅሶ ደረሰ፤ ሐዘንተኞቹም በተቀደደው ሸራ ሥር፣ ጠብ ጠብ እያለባቸው ሦስት ቀን ተቀመጡ። የእድራችን ሽማግሌዎች "ሁለተኛ ለጭፈራ አናውስም" ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እውነታቸውን ነው። እኔም ድንኳኑ ዳግመኛ ለበዓል እንዳይወጣ ድምፅ እሰጣለሁ።

ነገር ግን ሸራው ያረጀ ስለ ሆነ ነው የተቀደደው የሚለውን አልቀበልም። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ድንኳን 48 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ዘንቦበት መውረጃ ካጣ 960 ሊትር ተሸከመ ማለት ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 48 ጀሪካን! ይኼን ሁሉ የሚችል ምን ዓይነት ሸራ ነው? ለፀሐይ ተብሎ ጣሪያው ለጥ ተደርጎ ስለ ተተከለ እንጂ፣ እንደ ጎጆ ተዳፋት ቢሰጠው ውሃው በወረደ ነበር።

አሁን ስለ ቀረቡት ሌሎች ሐሳቦች። አንዳንዶች በዓሉ ወደ ጥር ይዛወር ይላሉ። ጥር ደረቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ደብተሩም የሚፈለገው ለመስከረም ነው። ቡሄንስ ወደ ጥር ልናዛውረው ነው? ሌሎች ደግሞ አዳራሽ እንከራይ ብለዋል። አዳራሽ ኪራይ አለው፣ ኪራይ ካለ የመግቢያ ትኬት አለ፣ ትኬት ካለ ደግሞ ውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ እናውቃለን። በቆሎ እየጠበሱ የሚያዩት እናቶችና ከመሬት የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

"ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም" እየተባለ ስለሚነገር ብዙ ሰው በነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ የሚያበቃ ይመስለዋል። አያበቃም። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደግሞም ዝናቡ ሰዓት አለው። ጧት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው በእንጦጦ አናት ላይ ይከመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይለቀዋል። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ድራማ ማሳየት ማለት እንግዲህ ዝናቡን በቀጠሮ መጥራት ነው። ከጧቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 6 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ምን ይጎድላል? ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ይደርሳል።

ጧት ከዘነበስ? ይኼ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከኛው ባህል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የክረምት ጨዋታዎቻችንን ተመልከቱ። ሆያ ሆዬ መድረክ የለውም፤ ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፣ ሲዘንብ ከቤቱ ጥግ ይጠለላሉ፣ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሲያባራ ይቀጥላሉ። በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ የልጃገረዶቹ ጨዋታ የሚጀመረውም ነሐሴ 16 ነው፤ ያው በክረምቱ። ከበሮና ድምፅ ይበቃቸዋል። እኛ ግን ለበጋ የሚሆን ነገር ሠርተን፣ መድረክ አቁመን፣ ሽቦ ስበን፣ ሸራ ወጥረን፣ ሲበላሽብን ዝናቡን እንወቅሳለን። ድራማው በአንድ በረንዳ፣ ግጥሙ በሌላው፣ ሥዕሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ቢሆን፣ ሰዉም ጃንጥላውን ይዞ ቢዞር፣ ዝናብ ቢመጣ አንዱ ይቆማል እንጂ ሁሉም አይበተንም። የገንዘብ ሣጥኑም በየበረንዳው ይዞራል፤ እንዲያውም ገቢው ሳይሻል አይቀርም። ድምፅ ማጉያ የሚባል አይኑር። ጎረቤትም ያርፋል።

የቦዩ ጉዳይ ግን በበረንዳ አያልቅም። የኛ ሰፈር ከእንጦጦ በሚወርድ ውሃ መንገድ ላይ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ የሚመጣ ጎርፍ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለም ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በሌሊት፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶት ነው። ሩቅ አንሂድ፤ በነሐሴ 2013 በዚህችው በአዲስ አበባ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። የኛን ቦይ ማን ደፈነው? ከበዓሉ በኋላ በአካፋ ሲጠረግ የወጣው የውሃ ፕላስቲክና የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከታች በኩል ደግሞ አጥሩን ገፍቶ የቦዩን አፍ ያጠበበ ሰው አለ። ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። እስከ ሐምሌ 15 ድረስ ካላነሣው ጉዳዩ ለወረዳው በጽሑፍ ይቅረብ የሚል ሐሳብ በስብሰባው ላይ አቀርባለሁ።

ስብሰባው ሰኔ 28 ቀን 2018፣ እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። የበዓሉን ኮሚቴ የሚመሩት ልጆችም እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸዋልና ወላጆች አትከልክሏቸው። በረንዳውን የሚሰጥ ሰው ስሙን ከወዲሁ ያስመዝግብ፤ እስካሁን አራት ቤት ተገኝቷል። የድንኳኑ ማሰፊያና የተሰበረው ቋሚ መተኪያ ሒሳብ ከነደረሰኙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ በቀኝ በኩል ተለጥፏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ