ቀለሙ ለማን ነው?

አንድ ድርጅት ዌብሳይት ሲያሠራ ስብሰባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ባለቤቱ «ወርቃማ ይሁን፣ ክብር አለው» ይላሉ። የማርኬቲንግ ኃላፊው «ሰማያዊ እምነት ይፈጥራል፣ ቀይ ምግብ ያስመኛል» የሚል ከኢንተርኔት የለቀመውን ያነባል። ዲዛይነሩ በትልቁ ስክሪኑ ላይ በነጭ መደብ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ያሳያል። ሁሉም ያጨበጭባል። ደንበኛው ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም።

ደንበኛው ያለው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። አናት የሚበሳ የቀትር ፀሐይ፣ ርካሽ ስልክ፣ ባትሪ ለመቆጠብ የተቀነሰ ብርሃን። ዋጋው ይነበበዋል? ስልክ ቁጥሩ ይታየዋል? ካልታየው ዌብሳይቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው የሚሉ ተሳስተዋል። ልኬት አለው። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ መካከለኛ ደረጃ መሠረት፣ የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት (ኮንትራስት) ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 ለ 1 መሆን አለበት። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው። ኮዱ #999999 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 3 ለ 1 እንኳ አይሞላም። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ 1 ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ለአገር ፍቅር ተብሎ የዋጋ ዝርዝር በቢጫ ሲጻፍ ባንዲራው አይከበርም፤ ዋጋው ይጠፋል እንጂ።

ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሯ ሥር ያለው ትንሽ ምልክት ነው። ፈዛዛ ቀለም መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

«ሰማያዊ እምነት ነው» ባዮች ፌስቡክን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዘ ኒው ዮርከር እንደጻፈው ግን ማርክ ዙከርበርግ ቀይና አረንጓዴ መለየት ይቸግረዋል፤ አጥርቶ የሚያየው ሰማያዊን ነው። ነገሩ የዓይን ነበር፣ የሥነ ልቦና አልነበረም። እንደ እሱ ያለ ደንበኛም አለ፤ ቅጽ ሲሞላ ስህተቱን በቀይ መስመር ብቻ ከነገሩት የት እንደተሳሳተ አያውቅም። በቃልም ይጻፍለት።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሐምራዊ ከሩቅ የሚታወቀውም ሐምራዊ ምስጢራዊ ኃይል ስላለው አይደለም። በየቅርንጫፉ ስለሚደጋገም ነው። እምነት የሚመጣው ከመደጋገም ነው።

«ጥቁር በነጭ አሰልቺ ነው» ይባላል። ይሁን፤ የድርጅቱ ቀለም ሎጎውና የገጹ ራስ ላይ ይድመቅ። አንድ ጎላ ያለ ቀለም ደግሞ «ይዘዙ» ለሚለው ቁልፍ ብቻ ይቀመጥ። ሁሉም ከጮኸ ማንም አይሰማም።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለቤቱ ስልካቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ይውጡ፤ መነጽር ለሚያደርጉ አንድ አዛውንት ይስጡና «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አዛውንቱ ካነበቡት ቀለሙ ተመርጧል። ካላነበቡት ክፍያው ይቆይ።