ባለቤቱ የጠፋበት ቃል



በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጅ አስተዳደግ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ጥቂት ቃል ለመናገር ዐስበናል። «ይህ ከቤተ ሰብ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ በልደታ ሠፈር ማታ ማታ በየቤቱ መብራት አብርተው የሚያጠኑትን ልጆች ይመልከት። አንዱ ለ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፥ አንዱ ለሥራ ቅጥር፥ አንዲቱም በውጭ አገር ለመማር አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ይዘጋጃሉ። የመፈተኛውም ዋጋ ከቤት ገንዘብ የሚወጣ ነውና፥ ልጁ በሰዋስው ሲሰናከል የእናቱ የዕቁብ ገንዘብ አብሮ ይባክናል።

የእኅቴ ልጅ በሕግ ትምህርት የተመረቀች ናት። ባለፈው ጊዜ ይህንኑ ፈተና ተፈትና፥ በማዳመጥም በማንበብም በመናገርም የተፈለገባትን ስታገኝ፥ በመጻፍ ግን 6 ብቻ አገኘች። ሊቀበላት የነበረው ዩኒቨርሲቲ የጠየቀው 6 ተኩል ነበረ። ከፍተኛው ነጥብ 9 በሆነበት ፈተና ግማሽ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን እርሷን አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት አስቀመጠቻት። በጽሕፈቱ ክፍል በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፍ፥ አንዱ ከ150 ቃል ሁለተኛው ከ250 ቃል ሳያንስ፥ ተጽፎ መቅረብ አለበት። ፈታኞቹ በእኩል ከሚመዝኗቸው አራት ነገሮች አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ ሥራዬ የሰውን ጽሑፍ ማገላበጥ ስለ ሆነ፥ ልጅቱ የመለማመጃ ደብተሮቿን አምጥታ «ጋሼ፥ ስሕተቴ የቱ ላይ እንደ ሆነ ይዩልኝ» አለችኝ። ሦስት ማታ አነበብሁ። ቃላቷ ብዙ፥ ዐሳቧም የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን በየገጹ አንድ ዓይነት ጕድለት እየተመላለሰ አገኘሁት። እርሱም እንግሊዞች ፓርቲሲፕል ከሚሉት ነገር የሚመጣ ነው።

ፓርቲሲፕል ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ተካፋይ ማለት ነው። ከግሥም ከስምም ጠባይ ስለሚካፈል ይህን ስም አገኘ። የጥንት የግሪክ ሰዋስው ሊቃውንትም በዚሁ ዐሳብ ተካፋይ ብለው ሰይመው፥ ከስምንቱ የቃል ክፍሎች አንዱ አድርገው ቈጥረውታል። በእንግሊዝኛ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው መጨረሻው «ኢንግ» የሆነ፥ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ መጨረሻው «ኢድ» የሆነ ነው። የተጻፈ ማለት የሆነው «ሪትን»፥ የተነገረ ማለት የሆነው «ስፖክን»፥ እንደ እነዚህም ከሥርዐት የወጡት ሁሉ በቃል ከማጥናት በቀር መላ የላቸውም። ደግሞም ኢንግ ያለበት ሁሉ ፓርቲሲፕል አይደለም፤ «ስዊሚንግ» መዋኘት በሆነ ጊዜ እንደ ስም የቆመ አርእስት ነው፤ እርሱን ለዛሬ እንተወው።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። የግእዝ መምህራን «ውስጠ ዘ» የሚሉት የዚህ ዘመድ ነውና። ጸሓፊ ስንል የመጨረሻው ፊደል ሣልስ ስለ ሆነ ሣልስ ውስጠ ዘ ይባላል፤ ጽሑፍ ስንል የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ስለ ሆነ ሳድስ ውስጠ ዘ ይባላል። ውስጠ ዘ መባሉም በአማርኛ «የ» የምንለው የግእዙ «ዘ» በውስጡ ስለ ተሸሸገ ነው፤ ጸሓፊ የሚጽፍ፥ ጽሑፍም የተጻፈ ማለት ነውና። እንግዲህ «ራይቲንግ» ከጸሓፊ ጋራ፥ «ሪትን» ከጽሑፍ ጋራ ይተካከላል። ይህን ብነግራት «ጋሼ፥ እንግሊዝኛን በግእዝ ሊያስተምሩኝ ነውን?» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ባየሁ ጊዜ ነገሩን ከቅኔ ቤት ወደ ችሎት አመጣሁት። በደብተሯ «እኔ በሕግ በጣም ኢንተረስቲንግ ነኝ» የሚል ቃል ነበረ። ለማለት የፈለገችው ሕግ ይስበኛል ነው፤ የጻፈችው ግን እኔ ሰውን የምስብ ነኝ የሚል ሆነ። በሌላ ገጽም «ትምህርቱ ቦርድ ነበረ» ብላ፥ ተማሪዎቹ ሳይሆኑ ትምህርቱ ራሱ እንደ ተሰላቸ ጽፋለች። ስለዚህ እንዲህ አልኋት፤ «ኢንግ ያለበት ከሳሽ ነው፥ ኢድ ያለበት ተከሳሽ ነው። ነገሩን ያመጣው ወገን ኢንግን፥ ነገሩ የደረሰበት ወገን ኢድን ይይዛል። የሳበሽ ሕጉ ነውና፥ ሕጉ ኢንተረስቲንግ፥ አንቺ ኢንተረስትድ ነሽ።» እንግሊዞች ራሳቸው ተከሳሽን «አኪዩዝድ» ሲሉት፥ ይኸው ኢድ ያለው ፓርቲሲፕል እንደ ስም ሆኖ መቆሙ ነው። ከዚያ ማታ ወዲህ በዚህ አልተሳሳተችም።

ሁለተኛው ጕድለት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፤ የሚመጣው ከአማርኛችን ሀብት ነውና። ቦዝ አንቀጽ የሚባል አለን፤ ሰምቼ፥ ሰምተህ፥ ሰምተሽ፥ ሰምቶ፥ ሰምታ፥ ሰምተን፥ ሰምታችሁ፥ ሰምተው እንላለን። በግእዝም ሰሚዖ ሰምቶ፥ ሰሚዓ ሰምታ ነው። እያንዳንዱ ቦዝ የሠሪውን ምልክት በመጨረሻው ላይ ይዞ ስለሚዞር፥ የትም ብናስቀምጠው ባለቤቱ አይጠፋም። የእንግሊዝኛው «ሂሪንግ» ግን ሰሚው እኔም ብሆን፥ አንተም ብትሆን፥ እርሷም ብትሆን፥ ሁልጊዜ ያው «ሂሪንግ» ነው። የራሱ ባለቤት ስለሌለው ከጎረቤቱ ይዋሳል። በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ የቆመ ፓርቲሲፕል ባለቤቱ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚመጣው የዋናው ዐረፍተ ነገር ባለቤት ነው፤ ሕጉ ይህ ነው።

እኔ ይህን ሕግ የተማርሁት በኀፍረት ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፥ አንድ ቀን ስለ ምን እንደ ዘገየሁ በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ታዘዝሁ። «ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ውሻ ነከሰኝ» ለማለት ፈልጌ፥ «ዎኪንግ ቱ ስኩል፥ ኤ ዶግ ቢት ሚ» ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን አነበቡና፥ የተነከሰውን እግሬን ትተው ወደ በሩ እየተመለከቱ፥ «ታዲያ ውሻው ስንተኛ ክፍል ነው?» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእንግሊዝኛው ሕግ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው ውሻው ነበረና። መድኀኒቱም ቀላል ነበረ፤ ወይ «አዝ አይ ዎዝ ዎኪንግ» ብሎ ሠሪውን በግልጥ ማስገባት፥ ወይ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ «አይ ዎዝ ቢትን» ብሎ የተነከሰውን እኔን ባለቤት ማድረግ።

ነገሩ በልጆች ሳቅ የሚያልቅ ግን አይደለም። ከዓመታት በፊት በባልና በሚስት መካከል በተነሣ የንብረት ክርክር፥ በውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ ከመዝገብ ጋራ ተያይዞ አየሁ። እንግሊዝኛው «ሃቪንግ ፔይድ ዘ ፕራይስ» ብሎ ይጀምርና፥ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ቤቱ በባል ስም ተመዘገበ ይላል። ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? እንደ ሰዋስው ሕግ ብንይዘው የከፈለው ቤቱ ራሱ ነው። ተርጓሚው «ዋጋውን ከፍሎ» አለ። ሚስቲቱ ደግሞ ገንዘቡ የእኔ ነበረና ሊባል የሚገባው «ከፍላ» ነው ብላ ተቃወመች። በ«ሎ»ና በ«ላ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ በዚያ መዝገብ ግን የቤት ዋጋ ተሸክማ ነበረ። በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት፥ በአንደኛው ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ማን፥ መቼ፥ ከየትኛው ገንዘብ ከፈለ የሚለው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ደብዳቤው እንደ ገና ቢተረጐምም፥ እንግሊዝኛው ራሱ ዝም ያለውን ማንም ሊያናግረው አልቻለም፤ ተከራካሪዎቹም የባንክ ደረሰኝ ፍለጋ ሄዱ። ተርጓሚውን ብዙ አልወቅሰውም፤ «መክፈል»ን በቦዝ ሲጽፍ አማርኛው ሠሪ እንዲመርጥ አስገደደው። ይሁን እንጂ «ዋጋው ተከፍሎ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፥ የደብዳቤውን ዝምታ እንደ ነበረ ጠብቆ ያቈየው ነበረ።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር አለ። «ቁርሷን በልታ ወጣች» የምንለውን የእኅቴ ልጅ «ኢቲንግ» ብላ ትጀምረው ነበረ። እንዲህ ሲባል እንግሊዛዊ የሚረዳው ልጅቱ እየበላች፥ እንጀራው በአፏ ሳለ፥ እንደ ወጣች ነው። ብቻውን የቆመ ኢንግ ብዙ ጊዜ ከእኛ «እየ» ጋራ ይቀራረባል። የፊተኛው ሥራ አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር፥ በግልጥ ለማሳየት «ሃቪንግ» ቀድሞ ኢድ ያለው ወይም ከሥርዐት የወጣው ፓርቲሲፕል ይከተለዋል፤ «ሃቪንግ ኢትን» ይባላል። «በስርቆት ተከስሶ» ለማለት ግን «አኪዩዝድ» ብቻውን ይበቃል።

ቦዝ መደርደርም ልማዳችን ነው። ተነሥቼ፥ ታጥቤ፥ ለብሼ፥ ቁርሴን በልቼ፥ በሩን ዘግቼ ወጣሁ ብንል አማርኛው አይከብደውም። በልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች አንዱን ዐረፍተ ነገር በቦዝ እየቀጠሉ ገጽ ይሞሉበታል፤ ዳኛውም ማሠሪያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ በትዕግሥት ይከተሉታል። እንግሊዛዊው ፈታኝ ግን ይህ ትዕግሥት የለውም። በእንግሊዝኛ አንድ ፓርቲሲፕል ይበቃል፤ የቀሩት ግሦች በኀላፊ ጊዜ ተጽፈው «አንድ» በሚለው መስተጻምር ይያያዛሉ። ከሁሉ የሚከፋው ቦዝ ሲደረደር ቈይቶ ማሠሪያ አንቀጽ ሳይመጣ ነጥብ የተደረገ እንደ ሆነ ነው። በደብተሯ እንዲህ ያለ አራት ቦታ አግኝቻለሁ።

ማሠሪያውን አንቀጽ መፈለግ በማንበብ ፈተናም ይጠቅማል። በዚያ ክፍል በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄ ይመለሳልና፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው ጊዜው ያልቅበታል። «ዘ ጀጅ አፖይንትድ ላስት ዪር ኸርድ ዘ ኬዝ» የሚል ቢመጣ፥ ቸኳይ አንባቢ «አፖይንትድ» የሚለውን ማሠሪያ አድርጎ ዳኛው ሌላ ሰው የሾመ ይመስለዋል። ነገር ግን «ዘ» በውስጡ ተሸሽጋለች፤ ባለፈው ዓመት የተሾመው ዳኛ ማለት ነው፥ ማሠሪያውም «ኸርድ» ነው። ኢድ ያለበትን ቃል ባየን ቍጥር «የተ» ብለን ብንሞክረው፥ ውስጠ ዘ መሆኑና አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ለመለማመጃ ውድ መጽሐፍ መግዛት ግድ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጐን ለጐን አድርጎ ያትማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ በሕግ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሕግ እንግሊዝኛ በፓርቲሲፕል የተሞላ ስለ ሆነ፥ የእኅቴ ልጅ በየማታው አንድ ገጽ ትወስድና አማርኛውን በወረቀት ሸፍና እንግሊዝኛውን ታነባለች፤ ከዚያም ገልጣ ታመሳክራለች። በራሷ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ፓርቲሲፕሉን ሁሉ በቀይ እርሳስ አስምራ፥ ከእያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ቀስት ትስባለች። ቀስቱ የሚያርፍበት ያጣ እንደ ሆነ ዐረፍተ ነገሩን ትሰርዘዋለች። መጀመሪያ ሰሞን የተሰረዘው ከቀረው ይበልጥ ነበረ።

ትናንት ማታ አዲስ የጻፈችውን አምጥታ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። መጀመሪያው «ሃቪንግ ፌይልድ ዋንስ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ወድቄ ማለት ነው። ቀዩ ቀስት ነጠላ ሰረዙን ተሻግሮ «አይ» በሚለው ቃል ላይ ዐርፏል። ፈተናዋ የፊታችን ቅዳሜ ነው።