ከሰማይ የታየው የጥንት እርሻ

የአርኪዮሎጂ ጥናት ለረጅም ዘመን ዓይኑን ያሳረፈው በቤተ መንግሥት፣ በመቃብርና በሐውልት ላይ ነበር። ሐውልቱን ያስቆመው ንጉሥ ስሙ ሲወሳ፣ የጠራቢዎቹን ቀለብ ያመረተው ገበሬ ግን ተረስቶ ቆይቷል። ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሥራውን ከማፋጠኑ በላይ ተመራማሪው ስለ ጥንቱ ማኅበረሰብ የሚጠይቀውን ጥያቄ እየለወጠ ነው።

የመካከለኛው አሜሪካዋ ጓቲማላ ለዚህ አብነት ናት። ላይዳር የተባለው መሣሪያ በአውሮፕላን ተጭኖ የሌዘር ጨረር ወደ ምድር ይለቃል። በቅጠል መካከል ሾልኮ መሬት ነክቶ ከሚመለሰው ብርሃን የምድሩ ከፍታና ዝቅታ ይለካል፤ ኮምፒውተሩም የደኑን ሽፋን አንሥቶ ገጸ ምድሩን ብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ጥናት ከ2 ሺህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በዚህ መንገድ ቃኝቶ ከ60 ሺህ በላይ የጥንታዊ ማያ ግንባታዎችን መዝግቧል። ከቤተ መቅደሱ ጎን ለጎን ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ እርከንና ለእርሻ የተስተካከለ መሬት ተገኝቷል። «ይህ ደን ብዙ ሕዝብ ሊመግብ አይችልም» የሚለው የቆየ ግምትም በዚሁ ተናግቷል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያሳየው ቅርጽን ነው። እርከኑ መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? ለምን ተተወ? ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው በቁፋሮ፣ በአፈር ምርመራና ነዋሪውን በመጠየቅ ነው።

በኢትዮጵያ የቤተ ሰማዕቲ ግኝት ይህንኑ ያስረዳል። በየሐ አካባቢ የሳተላይት ምስልንና የጂፒኤስ ልኬትን ከእግር ዳሰሳ ጋር አጣምሮ የሠራው የማይክል ሃሮወር ቡድን ስለ ጉብታው ከአካባቢው ሰዎች ጭምር ሰምቷል። ነዋሪዎቹ ስፍራው ታላቅ መሆኑን በትውፊት ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተካሄደው ቁፋሮ የአክሱም ዘመን ከተማንና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ ባዚሊካን አወጣ።

የኮንሶ እርከን ደግሞ ዛሬም በገበሬ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መልክዓ ምድር በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። ካሜራ ካቡን ይለካል፤ የጎርፉን መውረጃ፣ የድንጋዩን አደራረብና የጥገናውን ወቅት የሚናገረው ግን ባለ እርሻው ነው።

ስለዚህ ካርታው በሳተላይት ምስል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከተዘጋጀ ሁለት ጉዳት ይከተላል። የቦታዎቹ መገኛ ያለ ጥንቃቄ ይፋ ሲሆን ለቅርስ ዘራፊ መንገድ ይጠርጋል። ገበሬውም ማሳው የጥናት ስፍራ መሆኑን ሳይሰማ፣ በየዓመቱ የሚያርሰው መሬት የያዘውን ታሪክ ሳያውቅ ይቀራል። የእርሻ ባለሙያው፣ የቀበሌው አስተዳደርና ተመራማሪው ውጤቱን ወደ ማሳው ባለቤት ቢመልሱት፣ ቅርሱን በቅርብ የሚጠብቀው ሰው የሚጠብቀውን አውቆ ይሠራል።