የእናትሽን ፊት ሳታዪ ብር እንዳትልኪ!

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

በቀደም አንዲት ያስተማርኳት ልጅ ከአረብ አገር ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ በፈጠረህ እማዬን ሄደህ እያት» አለችኝ እያለቀሰች። ከእናቷ ኢሞ «ታምሜ ጎንደር ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ቶሎ ብር ላኪ» የሚል ጽሑፍ ደርሷት ነበር። በቪዲዮ ስትደውል አይነሳም። «ኔትወርክ የለም፣ በጽሑፍ አውሪኝ» ተባለች። በመደበኛው ብትሞክር ስልኩ ዝግ ነው፤ ለካ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነበር። የሦስት ወር ደመወዟን በተሰጣት የባንክ ቁጥር ላከች። ከላከች በኋላ ግን ልቧ አላርፍ አላት።

እቤታቸው ስደርስ እናት ጌሾ አስጥተው ከደጃፍ ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው። ብሩ ግን ወጥቶ ሄዷል።

የሚገርመው እናቷ ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ ልጅቱ እንዴት በጽሑፍ አመነች? ምክንያቱም ሁልጊዜም የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ነው። ኢሞውን የጫነላቸው ሌላ፣ የሚደውልላቸው ሌላ፣ የሚያነሳላቸው ሌላ። ከቀናት በፊት አንድ የማያውቁት ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ሲላቸውም የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነበቡለት። ልጁም ምስኪን፣ አንብቦ ነገረው።

ኢሞም፣ ዋትሳፕም፣ ቴሌግራምም የሚከፈቱት በስልክ ቁጥር ነው። ሌላ ሰው የእናንተን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ሲያስገባ በሜሴጅ የሚላከው ኮድ የሚገባው እናንተ ስልክ ላይ ነው። ያ ኮድ የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ቁልፉን የሰጣችሁት ሰው እናንተን ሆኖ ይገባና ከዘመድ አዝማዳችሁ ጋር ያወራል።

እኔ ኮሌጅ እያለሁ ዘመድ በቪዲዮ ማየት የሚቻለው ጎንደር ኢንተርኔት ቤት ተኪዶ፣ በኮምፒውተር፣ በስካይፕ ነበር። በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ሲወጣ «ስካይፕ ያሳስራል» ተብሎ ተወርቶ የፈራው ሰው ብዛቱ! ያኔ የቤቱ ልጅ አጠገባችን ተቀምጦ ይጫንልን ነበር። ዛሬ ስካይፕ ራሱ ተዘግቷል፤ ስልኩ እናቶቻችን እጅ ገብቷል። የሚጫንላቸው ግን ዛሬም ሌላ ሰው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ሌባው ሌባ ነው፣ እሱን ተዉት። እኔ የምወቅሰው እኛን የተማርነውን ነው። እናታችን ስልኩን ስትነካካ «ተይ ታበላሽዋለሽ፣ አምጭው» ብለን እንነጥቃለን። «አትችልም» የሚለኝ ሰው አለ። ፊደል ሳይቆጥሩ የብር ኖቱን በቀለሙ ለይተው፣ የገበያውን ሂሳብ በቃላቸው የሚይዙ እናቶች አረንጓዴውን ምልክትና የካሜራውን ሥዕል መለየት ያቅታቸዋል? ኧረ ተው!

ደግሞ የኛን አገር ሁኔታ አስቡት። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የስንቱ ልጅ ድምፅ ጠፋ። ያ ሳይበርድ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ፊት ለፊት መተያየት ቀረ። ስለዚህ አንድ ሌባ «ኔትወርክ የለም» ሲል ማን ይጠራጠራል? ሁላችንም የኖርነው ነገር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አደራ የምላችሁ፦

አንደኛ፣ በስደት ያላችሁ ፊት ሳታዩ ብር አትላኩ። ሌባ ስምና ፎቶ ይሰርቃል፤ በቪዲዮ ቀርቦ እናትሽን መሆን ግን ይከብደዋል። ኔትወርክ በእውነት ከሌለ በመደበኛው ስልክ ደውሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ የቤታችሁን ላም ስም ጠይቁ። ካልሆነም ለጎረቤት፣ ለኔም ቢሆን ደውሉ፤ ሄጄ አያለሁ። አንድ ቀን መዘግየት የሦስት ወር ላብ ያድናል።

ሁለተኛ፣ አገር ቤት ያላችሁ ለበዓል ስትመጡ ስልክ ብቻ ገዝታችሁ አትሂዱ። እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስር ጊዜም ቢሆን ራሳቸው ደውለው፣ ራሳቸው አንስተው እንዲለምዱ አድርጉ። እጃችሁን ሰብስቡ! «በስልክ የገባ ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለኔም ቢሆን» በሏቸው። ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱላቸው፤ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

እኒያን እናት ትናንት ሄጄ አስተማርኳቸው። ከመሸ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ በቪዲዮ ነው። ግማሽ ግንባራቸውና የቤቱ ጣሪያ ብቻ ይታያል። «የኔታ፣ ማንም ሳይነካልኝ እኔው ነኝ የደወልሁ!» አሉኝ።

ለልጅቱ ብሩን መመለስ አልቻልንም። ከእንግዲህ ግን እናቷ ራሳቸው ይደውሉላታል።

ዛሬውኑ ለእናታችሁ ደውሉ። ቸር ያሰማን። ከአይከል።