አየሩ የጋራ ነው

በማደሪያችን ዋይፋይ በዘገመ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ በአገልግሎት ሰጪው ላይ መጫን ልማድ ሆኗል። ከፊሉ ጥፋት ግን የራሳችን ነው።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እስከ 13 ቻናል ቢከፈልም፣ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንዱ ሥርጭት 20 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ራውተሩን በ3 ላይ ያደረገ ተማሪ 1ንም 6ንም ያውካል፤ ስፋቱን ወደ 40 ያሳደገውማ የጎረቤቱን ድርሻ ቀማ። ቀማኛውም ቢሆን አይጠቀምም፤ ሥርጭቱ ሲደባለቅ መልእክቱ እንደገና መላክ አለበትና ሁሉም ይዘገያል።

መስኖ ያለው ገበሬ የውሃ አባት መርጦ በተራ ያጠጣል። ተምረናል የምንል እኛ ከዚህ ልናንስ አይገባንም። ስለዚህ ማኅበራችን ለየፎቁ ቻናል ይደልድል፤ ስፋቱም በ20 ይወሰን። የጠረጴዛ ኮምፒዩተሩ 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበልለት፣ ራውተሩም ቅርብ የሆነለት ሁሉ በማስተካከያው ገጽ ያንን ያስቀድም፤ በዚያ ቻናሉ ብዙ ነውና። አንቴናውንም ከብረት ሣጥኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ያድርገው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መስማማት ብቻ ነው።