የሚባልና የማይባል

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ፣ ለብዙ ትልልቅ ሰዎች ነገሩ የልጅ እብደት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ግን የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም ደስታውን ሊገልጽ አደባባይ ወጣ። መካከሉ 10 ዓመት ብቻ ነው። መሬቱ ያው፣ ጭሰኛውም ያው። የተለወጠው «ይህማ አይባልም» የሚለው የሕዝብ ስሜት ነው።

ጆሴፍ ኦቨርተን የተባለ አሜሪካዊ የፖሊሲ ባለሙያ ይህን በመስኮት ይመስለዋል። ፖለቲከኛ የሚመርጠው ሕዝብ ሊሸከመው ከሚችለው ሐሳብ ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን፣ በልቡ ቢያምንበት እንኳ፣ ደፍሮ አይነካውም። ስለዚህ ፖለቲካን መለወጥ የፈለገ መጀመሪያ መስኮቱን መግፋት አለበት።

የእኛም መስኮት እንዲሁ ነው የተገፋው። ግርማሜ ንዋይ ወላይታን ሲያስተዳድር ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት ቢያከፋፍል፣ ባለመሬቶች ከሰሱትና ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ሐሳቡ ገና ጊዜው አልነበረም። ከተማሪዎቹ ሰልፍ በኋላ ግን መንግሥት ራሱ የመሬት ይዞታን የሚያሻሽል ሚኒስቴር እስከ ማቋቋም ደረሰ። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅም ፓርላማ ገባ፤ ሳይጸድቅ ቢቀርም መግባቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ የወሎ ረሃብ መጣ። ደርግ የረሃቡን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን ያሳየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ወታደርም ቢሆን፣ ታንክ እያለው፣ የሕዝብ ስሜት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተማሪዎቹ የጮኹት «ላራሹ» ብለው ነው። አዋጁ ግን የገጠር መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው፤ አራሹ እስከ 10 ሄክታር እንዲጠቀም ተፈቀደለት፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። በ«ላራሹ» እና በ«መንግሥት እጅ» መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። በዚያ እልልታ መካከል ይህን ልዩነት ያነሳ ሰው ግን ስሙ አንድ ነበር፦ አድኃሪ። ጥያቄው ሳይመለስ ታፈነ።

መስኮቱ በዚያው ጸና። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ተደነገገ። ትናንት የማይባል የነበረው ብቻውን የሚባል ሆነ፤ ትናንት ተራ ነገር የነበረው የግል ባለቤትነት ደግሞ የማይባል ሆነ።

መሬት ይሸጥ ማለቴ አይደለም። ድሃ ገበሬ በክፉ ቀን መሬቱን ሸጦ ሜዳ ላይ ይወድቃል የሚለው ስጋት ሊናቅ አይገባም። እኔ የምለው፣ ስጋቱም ተቃራኒውም በነጻ ሳይመዘን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ የሚከራከረው ምሁር ሳይሆን ገበሬው ነው።

ዛሬስ? «አድኃሪ» በ«ባንዳ» ተተካ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። አንድ ሰው ስለ ድርድር፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ወይም ስለ ፌዴራል አከላለል ሲናገር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን አለ?» ሳይሆን «የማን ወገን ነው?» ነው። ከዚያ ባለሥልጣኑን ፈሪ እንለዋለን። ባለሥልጣኑ ግን የሚፈራው እኛን ጭምር ነው፤ መስኮቱን የያዝነው እኛም ነንና።

ሰው ይገደል የሚል ቅስቀሳ ሐሳብ አይደለም፤ እሱን ዝም ማሰኘት ተገቢ ነው። ከዚያ መለስ ያለውን ግን እንቃወመው እንጂ አናፍነው። በተለይ ሁላችንም ባጨበጨብን ቀን፣ «ቆይ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጠየቅነው ነው?» የሚል አንድ ሰው አጠገባችን ካለ፣ እባካችሁ ጨርሶ ይናገር።

ቸር ይግጠመን!